ሐዋርድ ሂዩዝ፤ ስሙ ለምሥጢር መጋረጃ የሆነ ባለጸጋ

የንግድ ቤትና የጦር ሠፈር በሁለት መንደር የተሠሩ ይመስላሉ። በአንዱ ደጃፍ ሒሳብ ይጻፋል፤ በሌላው ደጃፍ ዘብ ይቆማል። መንገደኛውም በደጃፉ ላይ የተለጠፈውን ጽሕፈት እያነበበ ይህ የነጋዴ ነው፣ ያ የወታደር ነው ብሎ ያልፋል። ዳሩ ግን ሁለቱን ቤቶች በጓሮ የሚያገናኝ በር መኖር አለመኖሩን የደጃፉ ጽሕፈት አይናገርም። ዛሬ በሰማይ ላይ የሚዞሩት የንግድ ሳተላይቶች በስውር የጦር ሥራ ይሠሩ እንደሆነ በብዙ አገር የሚያከራክር ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ በንግድ ስም ብዙ የጦርና የስለላ ሥራ የተሠራበትን የአንድ ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ይኸውም አሜሪካዊው ባለጸጋ ሐዋርድ ሂዩዝ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመሰርሰሪያው ወራሽ

ሐዋርድ ሂዩዝ በዲሴምበር 24 ቀን 1905 በቴክሳስ ተወለደ። አባቱ ነዳጅ ዘይት ለማግኘት ከሚሯሯጡት ሰዎች ጋር ዕድሉን ሲሞክር የኖረ ሰው ነበር። በ1909 ጠንካራ ዐለት እየፈጨ ወደ ታች የሚዘልቅ ባለ ጥርስ መሰርሰሪያ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ በፊት የነበረው መሰርሰሪያ ለስላሳውን መሬት እንጂ ዐለቱን መብሳት ይቸግረው ስለ ነበር፣ አዲሱ መሣሪያ በነዳጅ ፈላጊዎች ዘንድ እጅግ ተወደደ። አባትየው ግን መሰርሰሪያውን እያከራየ ገንዘብ ሰበሰበ እንጂ አልሸጠውም። ባለቤትነቱን ከእጅ ሳያወጡ ሌላው እንዲሠራበት ማድረግ የቤተሰቡ የሀብት ምንጭ ሆነ። አንባቢ ይህን የኪራይ ነገር ልብ ይበል፤ ኋላ ተመልሰን እናገኘዋለንና።

እናቱ በ1922፣ አባቱም በ1924 ስለ ሞቱ፣ ልጁ ገና በ18 ዓመቱ ያለ ወላጅ ቀረ። እርሱ ግን ሞግዚት እንዲሾምለት አልፈለገም። በ19 ዓመቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ አካለ መጠን እንዳደረሰ ሰው እንዲቆጠር አስፈረደ፤ የዘመዶቹንም ድርሻ ገዝቶ የፋብሪካው ብቸኛ ባለቤት ሆነ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ኩባንያ ገንዘብ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀው አንድም ባለ አክሲዮን አልነበረም። ይህም ነጻነት ለበጎም ለክፉም የሕይወቱ መሠረት ሆነ።

ወጣቱ ባለጸጋ ወደ ሆሊዉድ ሄዶ ሲኒማ ማሠራት ጀመረ። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ነጂዎች ያሠራው ፊልም በ1930 በወጣ ጊዜ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ልቡ ግን ከሲኒማው ይልቅ ወደ አውሮፕላኑ አዘነበለ። በ1932 የራሱን የአውሮፕላን ኩባንያ አቋቋመ። በ1935 ራሱ ባሠራት አውሮፕላን በሰዓት 567 ኪሎ ሜትር ያህል በመብረር ከየብስ በሚነሡ አውሮፕላኖች መካከል የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘ። በ1938 ደግሞ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዓለምን በ91 ሰዓት ዞረ። በኒው ዮርክ ከተማ የተደረገለት አቀባበል ከጦር ሜዳ በድል ለተመለሰ ጀግና የሚደረገውን ያህል ነበር።

ጦርነቱና ምክር ቤቱ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚያልፉትን መርከቦች ያሰጥሙ ነበር። ስለዚህ በ1942 ወታደርና ዕቃ በሰማይ የሚያሻግር፣ በውኃ ላይ የሚያርፍ ግዙፍ አውሮፕላን እንዲሠራ ከመንግሥት ጋር ውል ተዋዋለ። ብረታ ብረት ለሌላው የጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ አውሮፕላኑ ከእንጨት ተሠራ። ከክንፍ እስከ ክንፍ 97 ሜትር ተኩል ያህል ይለካ ነበር። ሥራው ሳያልቅ ግን ጦርነቱ አለቀ። ለአየር ኃይሉ ፎቶግራፍ ማንሻ እንዲሆን የታዘዘውን ሌላ አውሮፕላንም ራሱ ሲሞክር፣ በጁላይ 7 ቀን 1946 በቤቨርሊ ሂልስ መኖሪያ ቤቶች ላይ ወደቀና ለሞት ተቃርቦ ተረፈ። ከሥቃዩ እንዲያርፍ የተሰጠው መድኃኒትም ኋላ ዕድሜ ልኩን ያልተለየው ሱስ ሆነ።

በ1947 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ የመንግሥት ገንዘብ የት እንደ ገባ ይጠይቀው ጀመር። ሂዩዝም በኮሚቴው ፊት ቆሞ በኩራት ተከራከረ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 2 ቀን ግዙፉን አውሮፕላን ራሱ እየነዳ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ከውኃው በላይ አበረረው። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አልበረረም። ሂዩዝ በሕዝብ ዓይን አሸነፈ፤ በልቡ ግን ጠያቂን የሚጠላ፣ ከሰው የሚሸሽ ሰው እየሆነ ሄደ።

ኩባንያው በአንጻሩ እየሰፋ ሄደ። ለአየር ኃይሉ የራዳር መሣሪያና ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን የሚተኮስ ሚሳይል ያቀርብ ጀመር። በ1953 ዋና ዋናዎቹ መሐንዲሶች በአስተዳደሩ ተማርረው ሲወጡ የአየር ኃይሉ ባለሥልጣናት እጅግ ተቆጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሂዩዝ አንድ የሕክምና ምርምር ተቋም በስሙ መሠረተና የአውሮፕላን ኩባንያውን በሙሉ ለዚሁ ተቋም ሰጠ። የተቋሙም ብቸኛ ባለ አደራ ራሱ ሆነ። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ ሚሳይል የሚሠራው ፋብሪካ በወረቀት ሲታይ የበጎ አድራጎት ንብረት ነበር። ተቋሙ ዛሬም ለሳይንስ የሚጠቅም ሥራ የሚሠራ መሆኑ አይካድም። ቢሆንም የደጃፉ ጽሕፈት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ መማር ይቻላል።

ሰው ሠራሿ ጨረቃ ለሁለት ጌታ

በ1959 በዚሁ ኩባንያ ውስጥ ሐሮልድ ሮዘን፣ ዶናልድ ዊሊያምስና ቶማስ ሐድስፔት የተባሉ ሦስት መሐንዲሶች አዲስ አሳብ አቀረቡ። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ከምድር እኩል ስለምትዞር፣ ከታች ለሚያያት በአንድ ቦታ የቆመች ትመስላለች። እንግዲያውስ በሰማይ ላይ እንደ ተተከለ የሬዲዮ ማማ ልታገለግል ትችላለች ማለት ነው። ሂዩዝ ራሱ በዚህ ፈጠራ እጁ አልነበረበትም፤ ፋብሪካውና ስሙ ግን የእርሱ ነበሩ።

የመጀመሪያዋ ሲንኮም በፌብሩዋሪ 1963 ወጥታ ድምፅዋ ጠፋ። ሁለተኛዋ በጁላይ 26 ቀን 1963 ወጣችና ሥራዋን በሚገባ ፈጸመች። በኦገስት 23 ቀን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከዋሽንግተን፣ የናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ከሌጎስ ሆነው በእርስዋ አማካይነት በቴሌፎን ተነጋገሩ። በዚህ ዓይነት ሳተላይት በመሪዎች መካከል የተደረገው የመጀመሪያው ንግግር ከአፍሪካ ጋር መሆኑ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን በሌጎስ ወደብ ቆሞ ድምፁን ወደ ሰማይ የሚያወጣው ጣቢያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበር። ሳተላይቷን ያሠራው የሰላማዊው የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የምድሩን ጣቢያ ያቀረበው የመከላከያው መሥሪያ ቤት ነው።

ሦስተኛዋ ሲንኮም በኦገስት 1964 ወጣች። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የቶኪዮ ኦሊምፒክ ውድድር ወደ አሜሪካ በቴሌቪዥን የተላለፈው በእርስዋ ነው። የኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ የማራቶንን ድል ለሁለተኛ ጊዜ የተቀዳጀው በዚሁ ኦሊምፒክ እንደ ሆነ አንባቢ ያስታውሳል። ጥቂት ወራት እንዳለፉ፣ በ1965 መጀመሪያ፣ ሁለቱ ሳተላይቶች ለአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ተላለፉ። የስፖርቱን በዓል ያሳየችው መሣሪያ የቬትናምን ጦርነት መልእክት ታመላልስ ጀመር።

ይህ ሲሆን በሳተላይቷ ላይ አንድ ብሎን እንኳ አልተለወጠም። የዚህ ዓይነት ሳተላይት ሥራ ከምድር የሚደርሳትን ደካማ ሞገድ ተቀብላ፣ አጉልታ፣ በሌላ ሞገድ ወደ ምድር መመለስ ብቻ ነው። የሯጭን ሥዕል ትሸከም ወይም የጄኔራልን ትእዛዝ ትሸከም፣ ለእርስዋ ልዩነት የለውም። ስለዚህ የንግድ ሳተላይት የጦር ሥራ እንዲሠራ የግድ በውስጡ ምሥጢራዊ መሣሪያ መደበቅ አያሻም። መስመሩን የሚከራይ ሲገኝ ይበቃል።

በአፕሪል 6 ቀን 1965 ይኸው ፋብሪካ የሠራት የመጀመሪያዋ የንግድ የመገናኛ ሳተላይት ተወነጨፈች፤ በአንድ ጊዜ 240 የቴሌፎን መስመር ታስተላልፍ ነበር። በፌብሩዋሪ 1976 ደግሞ ማሪሳት የተባለችው ሳተላይት ወጣች። በባሕር ላይ ያሉ የንግድ መርከቦች ከየብስ ጋር እንዲነጋገሩ የተሠራች ስትሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋነኛው ተከራይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነበር። የአባትየው የኪራይ ዘዴ ከመሬት በታች ተነሥቶ ሰማይ ደረሰ ማለት ይቻላል።

ግመል ሰርቆ ያላጎነበሰ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ፈልጎ ለሚያነብ ሰው የተገለጠ ነው። ፍጹም ምሥጢር የሆነው ሥራ የተሠራው በሰማይ ሳይሆን በባሕር ላይ ነበር።

በማርች 1968 የኑክሊየር ሚሳይል የተጫነ አንድ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ከሐዋይ ደሴቶች በስተሰሜን ምዕራብ ሰጠመ። ሶቪየቶች ፈልገው አጡት፤ አሜሪካኖች ግን ወደ 5 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት አገኙት። የአሜሪካ የስለላ ድርጅትም ሚሳይሉንና የምሥጢር ጽሑፉን ለመያዝ መርከቡን ከባሕር ወለል ሊያወጣ ቈረጠ። ነገር ግን ለዚህ ሥራ የሚሆን ግዙፍ መርከብ በባሕሩ መካከል ለሳምንታት በአንድ ቦታ ሲቆም፣ የሚያይ ሁሉ ምን ይሠራል ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ለጥያቄው መልስ እንዲሆን የሂዩዝ ስም ተፈለገ። በጥልቁ ባሕር ወለል ላይ ድንች የሚያካክሉ የማንጋኒዝ ድንጋዮች በእውነት ይገኛሉ። ሂዩዝ እነርሱን ሊያወጣ ነው ተብሎ ተወራ። ነገሩን ያመኑ ሁሉ ምክንያት ነበራቸው። ሰውዬው ባለጸጋ ነው፤ ማንም ባልሞከረው ሥራ ገንዘቡን ሲያፈስ የኖረ ነው፤ ኩባንያው የግሉ ስለ ሆነ ሒሳቡን የሚመረምር ባለ አክሲዮን የለም፤ ሥራውን በምሥጢር መያዙም የታወቀ ጠባዩ ነው። በአገራችን ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይባላል። የአሜሪካ ሰላዮች ግን ግመሉን እየነዱ በገበያ መካከል ቀጥ ብለው አለፉ፤ የሰረቁ ሳይሆን የሚነግዱ መስለዋልና።

ግሎማር ኤክስፕሎረር የተባለው መርከብ በጁላይ 1974 በቦታው ደረሰ። የሶቪየት መርከቦች ቀርበው ሲመለከቱት ሰነበቱና ሄዱ። የሰጠመው መርከብ በትልቅ የብረት መንጋጋ ተይዞ ወደ ላይ ሲሳብ ግን መንጋጋው ተሰብሮ አብዛኛው ክፍል ተመልሶ ወደ ጥልቁ ወደቀ። በወጣው ክፍል ውስጥ የስድስት የሶቪየት መርከበኞች አስከሬን ስለ ተገኘ፣ አሜሪካኖቹ በወታደር ሥርዓት በባሕር ቀበሯቸው። የቀብሩም ፊልም ከዓመታት በኋላ፣ በ1992፣ ለሩሲያው ፕሬዚዳንት ለቦሪስ የልሲን ተሰጠ።

የዚህ ማታለል ዋጋ በሶቪየቶች ላይ ብቻ አልቀረም። በዚያው በ1974 የበጋ ወራት ከ130 በላይ የሆኑ አገሮች ልዑካን በካራካስ ከተማ ተሰብስበው ስለ ዓለም የባሕር ሕግ ይነጋገሩ ነበር። ከተነሡት ታላላቅ ጉዳዮች አንዱ በባሕር ወለል ያለው ማዕድን የማን ነው የሚል ነበር። ታዳጊ አገሮች ሀብቱ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ንብረት እንዲሆን ይከራከሩ ነበር። በዚያን ጊዜ የባሕር ማዕድን ሥራ ለመጀመሩ እንደ ታላቅ ምልክት የሚታየው የሂዩዝ መርከብ ማዕድን ፍለጋ ሳይሆን ስለላ ላይ ነበር። በቅን ልቡና ለአገራቸው የሚሟገቱ ወጣት ዲፕሎማቶች በዓይናቸው ፊት የተጋረደውን ነገር ሳያውቁ ይመዝኑ ነበር ማለት ነው። የንግድ መልክ ያለው ምሥጢር የሚጎዳው ጠላትን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የብቸኛው ሰው ፍጻሜ

ስሙ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ በዚህ ዓይነት ሲሠራ፣ ሰውዬው ራሱ የት ነበር? ሂዩዝ በ1966 ላስ ቬጋስ ገብቶ በአንድ ሆቴል የላይኛው ፎቅ ተዘግቶ ተቀመጠ። በ1970 ከዚያ ወጥቶ ከአገር ወደ አገር፣ ከሆቴል ወደ ሆቴል ይዛወር ጀመር። መርከቡ በ1974 ሥራ ላይ በነበረበት ወራት እርሱ በባሃማስ ደሴቶች በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ መጋረጃው ተጋርዶበት ይኖር ነበር። በሽታን በመፍራትና በመድኃኒቱ ሱስ ሰውነቱ አልቆ፣ ከጥቂት አገልጋዮቹ በቀር ሰው አያየውም ነበር። የሰማይን ፍጥነት ያሸነፈው ወጣት ከአልጋው ወደ ወንበሩ ለመሄድ የሚደክመው ሽማግሌ ሆነ።

በጁን 1974 ሌቦች ሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የኩባንያው ቢሮ ገብተው ብዙ ጽሑፎች ሰረቁ። ከዚህ በተነሣ ምርመራ ወሬው እየሾለከ ወጣ፤ በፌብሩዋሪና በማርች 1975 የአሜሪካ ጋዜጠኞች የመርከቡን ምሥጢር ለሕዝብ ገለጡት። የስለላ ድርጅቱ ግን ስለ መርከቡ በተጠየቀ ጊዜ አለ ብሎም የለም ብሎም እንደማይመልስ አስታወቀ። እስከ ዛሬም በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለው መልስ በመርከቡ ስም ግሎማር ተብሎ ይጠራል።

ሂዩዝ በአፕሪል 5 ቀን 1976 ከሜክሲኮ ወደ ሂውስተን በአውሮፕላን ሲወሰድ በ70 ዓመቱ ሞተ። ከመክሳቱና ከመለወጡ የተነሣ ማንነቱ የተረጋገጠው በጣት አሻራው ነው። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ ግን ሥራውን ቀጠለ። ከ1984 ጀምሮ ሊሳት የተባሉ ሳተላይቶችን ለባሕር ኃይሉ አከራየ፤ ስማቸው ራሱ ኪራይ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው። በ1985 ኩባንያው ለጄኔራል ሞተርስ ተሸጠ፤ የሳተላይቱም ክፍል በ2000 ወደ ቦይንግ ተዛወረ።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

የጓሮው በር ዛሬም አልተዘጋም። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ዩክሬንን በወረረች ዕለት፣ የዩክሬን ጦርና ሕዝብ በጋራ የሚጠቀሙበት ቪያሳት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሳተላይት አገልግሎት በኮምፒዩተር ጥቃት ተመታ። በዚያው ምክንያት በጀርመን አገር 5,800 ያህል የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከሩቅ የሚታዘዙበት መስመር ተቋረጠባቸው። የጀርመን ባላገር ከጦርነቱ ጋር ምን አገናኘው? የተከራየው መስመርና የወታደሩ መስመር አንድ ስለ ነበረ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስታርሊንክ የተባለው የንግድ መረብ በዚሁ ጦርነት ለሲቪሉም ለወታደሩም ሲያገለግል ታይቷል። ባለቤቱ ስፔስ ኤክስም በዲሴምበር 2022 ስታርሺልድ የተባለ ለመንግሥት የተለየ አገልግሎት አስታውቋል።

እንግዲህ የንግድ ሳተላይት በስውር ለጦር ሊያገለግል ይችላልን ብሎ ለሚጠይቅ፣ የሂዩዝ ታሪክ ይችላል ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ የንግድ ሳተላይት ሁሉ ሰላይ ነው ማለት ስንፍና ነው፤ ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ምንም አይመረምርምና። ሲንኮም በግልጽ ተላለፈች፤ ማሪሳት በግልጽ ተከራየች፤ በንግድ ስም የተሸፈነው ግሎማር ነው። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ዛሬ ተማሪ የሆነው ወይም በጸሐፊነት የተቀጠረው ወጣት ነገ ለመሥሪያ ቤቱ የመገናኛ አገልግሎት ውል ያረቅቅ ይሆናል። በዚያን ቀን ዋጋውን ብቻ አይቶ ማለፍ አይገባውም። የመሣሪያው ባለቤት ማን ነው? ትልቁ ተከራይ ማን ነው? መስመሩን የመዝጋት ሥልጣን በማን እጅ ነው? ሌላው ተከራይ ጦርነት ቢገጥመው የእኛ ሆስፒታልና ባንክ ምን ይሆናሉ? እነዚህን ጠይቆ መልሱን በውሉ ላይ ማስጻፍ ስለላን መፍራት አይደለም፤ የሹመት ግዴታ ነው።

ለዚህም ምሥክር የሚሆን አንድ ነገር ተናግረን እንሰናበት። ጋዜጦች የግሎማርን ምሥጢር ባወጡበት ጊዜ፣ የሎስ አንጀለስ አውራጃ የግብር መሥሪያ ቤት መርከቡ የሂዩዝ ኩባንያ ንብረት ነው ብሎ ግብር ጠየቀ። ኩባንያው ግብሩን ላለመክፈል መርከቡ የአሜሪካ መንግሥት መሆኑን ማሳወቅ ግድ ሆነበት። የሶቪየት መርከቦች በመነጽር አይተው ያጡትን ነገር፣ አንድ የግብር ሹም ንብረቱ የማን ነው ብሎ በመጠየቅ ብቻ አገኘው።